የዘርፈሽዋል ወንድም

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት ሮም ላይ ዝናብ አልቆመም። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሣጥን አወርድ ነበር። ገበያተኛው ስለቀነሰ ብዙ ጊዜ ዛሬ ሥራ የለም ተብዬ እመለሳለሁ። ቶር ፒኛታራ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ያልበዋል። ካልሲ አጥቤ ብሰቅል አይደርቅም። ከአገር ደብዳቤ መምጣት አቆመ። የሚመጣው ወሬ ብቻ ነበር። የእገሌ ልጅ ተወሰደ፣ የእገሊት ባል መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ሐሙስና እሑድ ከሰዓት፣ የቤት ሠራተኞቹ ሴቶች እረፍት ሲወጡ፣ ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት እንሰበሰባለን። ማንም ማንንም ‹አገር ቤት ደህና ናቸው?› ብሎ አይጠይቅም ነበር። መልሱን ፈርተን ነው።

በመጋቢት ከተማው ራሱ ታመመ። አንድ ትልቅ የፖለቲካ ሰው ታፈነ፤ ጠባቂዎቹም ተገደሉ። በየመስቀለኛው መንገድ ወታደር ቆመ። ትራም እያስቆሙ ወረቀት ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤ፣ በሄድኩበት ሁሉ በእጄ እየዳሰስኩ እሄድ ነበር።

ሊሊያና በሩጫ የመጣችው በዚያ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የሆቴል ሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ሰማያዊ ሽርጧ ከካፖርቷ ሥር ይታያል። በካርቾፊ አትክልት ሣጥኖች መሀል እየተጋፋች መጣች።

«አጎቴ፣ ፓውሎን ወሰዱት።»

የያዝኩትን ሣጥን መሬት አስቀመጥኩ። «ማን?»

«ቀበሌ ነዋ! አዜብ ከቴሌ ደውላ ነገረችኝ። ከጋራዡ፣ እጁን ከግሪስ ሳይታጠብ። የሚጠግነው መኪና ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ አሉት። የመኪናው ባለቤት ስለጠፋ ፓውሎን ያዙት። ከዚያ እስር ቤት ማታ የሚጠሩት አይመለሱም አለችኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።»

ፓውሎ ወንድሟ ነው፤ አዜብ የፓውሎ ሚስት ናት። ሊሊያናና ፓውሎ ከአንድ እናት፣ ከዘርፈሽዋል ተወለዱ። ዘርፈሽዋል ከሞተች ቆይታለች። እኔ በሰው ሁሉ ዘንድ የዘርፈሽዋል ወንድም ነኝ። አዲስ አበባ ቀበሌው የጎረቤቴን ልጅ መደበቂያ አውጣ ብሎ ሲያስጨንቀኝ፣ ሊሊያና ‹የእናቴ ወንድም ነው› ብላ ሮም ያስመጣችኝ በዚሁ ዝምድና ነው። ፔርሜሶዬ ላይም እንዲሁ ተጽፏል።

«ሰርጆ ዘንድ እንሂድ» አለች። ሽርጤን ፈትቼ ተከተልኳት።

ሰርጆ ከተርሚኒ ጀርባ፣ አንድ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ አለው። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የጉለሌ ሰው ናት። ለእኛ ሰዎች ማመልከቻ ይጽፋል፣ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ወፍራም ነው፤ ሲያወራ የሲጋራው አመድ ሆዱ ላይ ይረግፋል። ሊሊያና የነገረችውን ሰምቶ ሲጨርስ ግን ሲጋራውን አጠፋ።

«አሎራ። አንድ መንገድ አለ» አለ። «አዲስ አበባ ያለው የጣሊያን ኤምባሲ እዚያ የታሰሩ ጣሊያኖችን ስም አቅርቦ ልቀቁልኝ ሊል ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እዚህ ውጭ ጉዳይ ቢሮ የደረሰ ስም ይገባል። ፓውሎ የጆሜትራ ፍራንዚ ልጅ ነው ከተባለ ስሙን አስገባለሁ። የፍርድ ቤቱ ክርክር ኋላ ይደርሳል። ዋናው መውጣቱ ነው።»

ጆሜትራ ማለት ቀያሽ ነው። ኦሬስቴ ፍራንዚ በጠላት ዘመን አዲስ አበባ ላይ መንገድ ይቀይስ ነበር። ከዘርፈሽዋል ጋር በአንድ ቤት ኖረ። ሊሊያና ስትወለድ በስሙ አስመዘገባት። ከዚያ፣ ከጥቁር የወለዱትን በስም መቀበል የሚከለክል ሕግ ከሮም መጣ። ፓውሎ በሆዷ ሳለ ደግሞ እንግሊዝ ገባ። ፍራንዚን ከሌሎቹ ምርኮኞች ጋር ወደ ኬንያ ወሰዱት፤ እዚያው ታሞ ሞተ። ወንድ ልጁን አላየም።

ሊሊያና የፓውሎን የክርስትና ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሰርጆ መነጽሩን አደረገ።

«ጳውሎስ ገብረሃና። ገብረሃና ማነው?»

ሊሊያና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ሰርጆ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። «ጋሼ፣ በሊሊያና ዶሴ ላይ የእናቲቱ ወንድም ነዎት። እዚህ ደግሞ የልጁ አባት ነዎት። ማማ ሚያ! ጣሊያን ዳኛ ይህን ቢያይ ፓውሎን ትቶ እርስዎን ነው የሚያስረው።»

«አባት የሌለው ልጅ በእናቱ ወንድም ስም ይጠራል» አልኩ። «ጃንሆይ በተመለሱ ማግሥት ነው የተወለደው። የጣሊያን ልጅ ማለት ያስፈራ ነበር። ቄሱ የአባቱን ስም ሲጠይቋት የእኔን ስም ሰጠች።»

«ለእኔማ ይገባኛል። እኔም እስከ አሥር ዓመቴ በአያቴ ስም ነው የተጠራሁት። ለዳኛው፣ ለፕሬቶሬው፣ ማን ያስረዳዋል?» ጭንቅላቱን አከከ። «ሁለት ነገር አምጡልኝ። አንድ፣ የፍራንዚ ወገን ፊርማ። ሁለት፣ ልደቱን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች፣ ፍርድ ቤት፣ ፕሬቱራ ቀርበው የሚምሉ። ዘመድ መሆን የለባቸውም። ጋሼ፣ እርስዎ አጎት ስለሆኑ አይሆኑም።»

«እሺ» አልኩ።

የዘርፈሽዋል ወንድም አይደለሁም። ይህን ሊሊያና አታውቅም፤ ሰርጆ አያውቅም።

በየካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በየመንደሩ እየገቡ ሰው በዱላና በአካፋ ይገድሉ፣ ጎጆ በቤንዚን ያቃጥሉ ጀመር። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአራዳ ቁልቁል እየሮጥኩ አጥር ዘልዬ አንድ ግቢ ገባሁ። የማላውቃት ሴት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ተከትለውኝ ገቡ። ሴቲቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የነበረ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ የቀያሽ ዘንግ አንስታ አስጨበጠችኝ። በጣሊያንኛ ‹ወንድሜ ነው። የጆሜትራው ዘንግ ያዥ ነው› አለቻቸው። አንዱ በዱላው ጫፍ አገጬን ቀና አድርጎ አየኝ። ከዚያ የእሷን ፊት አየ። ብንመሳሰልም ባንመሳሰልም ለእሱ አንድ ነበርን። ወጥተው የጎረቤቱን ቤት አቃጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንግ ያዥ ሆንኩ፣ ወንድምም ሆንኩ። ጆሜትራው ራሱ አመነ። መጀመሪያ ለነፍሴ ስል ዝም አልኩ። ኋላ፣ ባዕድ ወንድ በቤቷ አስቀምጣለች እንዳትባል ዝም አልኩ። ልጆቹ አጎቴ እያሉኝ ካደጉ በኋላ ለማለትም አልቻልኩም። ዘርፈሽዋል አንድም ቀን ውለታዬን መልስ አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ብናገር ለፓውሎ ምስክር ተገኘ። እኔ ግን በሐሰት ዝምድና የገባሁ ሰው ነኝ። ፔርሜሶዬ ይነጠቃል። በየመንገዱ ወታደር ባለበት ከተማ ያለ ወረቀት እቆማለሁ፤ ወይም ስሜን ይዞ ወደሚጠብቀኝ ቀበሌ እላካለሁ። ደረጃውን ስንወርድ እጄ ሳላዝዘው ኪሴን ዳሰሰ።

በማግሥቱ ሲኞሪና ጋብሪዬላ ፍራንዚ ቤት ሄድን። የጆሜትራው የወንድም ልጅ ናት፤ ያላገባች፣ አስተማሪ የነበረች። ሊሊያናን እንደ ዘመድ ተቀብላ በየገናው ምሳ ትጠራታለች። ምግብ ቤቷ ግድግዳ ላይ የፍራንዚን ዘር በቀለም የጻፈችበት ሰፊ ወፍራም ወረቀት ተሰቅሏል። ዓመታት ደክማበታለች። ከላይ በሰሜን ጣሊያን ተራራ የኖረ አንድ ወፍጮኛ አለ። ከእሱ እየተከፋፈለ ይወርዳል። ከታች በግራ በኩል ኦሬስቴ፣ ከጎኑ ዘርፈሽዋል፣ ከሥራቸው ሊሊያና። ከዘርፈሽዋል አጠገብ ወንድም ተብዬ እኔ አለሁ። ከእኔ ሥር ፓውሎ።

ሊሊያና ወረቀቱን ቀረብ ብላ አየችና ጮኸች። «ፓውሎ እኮ ወንድሜ ነው! ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለች ጋብሪዬላ በጣሊያንኛ። «እናንተ የአጎትንም ልጅ፣ የአክስትንም ልጅ ወንድም ትላላችሁ። ሁለተኛ ስሙ ገብረሃና ነው። ስለዚህ የሲኞር ገብረሃና ልጅ ነው ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላረመኝም።»

እውነቷን ነበር። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አላረምኩም። አንዱን መስመር ብነካ ሌላው እንደሚከተል አውቅ ነበር።

«አሁን የአጎቴ የኦሬስቴ ልጅ ነው ትሉኛላችሁ» አለች፤ «ልክ በታሰረ ማግሥት። ወንድሜ ይህን የአፍሪካ ቅርንጫፍ ቁረጪው እያለ ይነዘንዘኛል። አልቆርጥም። ውሸትም ግን አልጽፍም። ሊሊያና፣ አንቺ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ የምታውቂው የተነገረሽን ነው። ሲኞር ገብረሃና ግን በዚያ ቤት ነበሩ።» ወደ እኔ ዞረች። «ፓውሎ የማን ልጅ ነው?»

«የኦሬስቴ።»

«ታዲያ ስምዎ ምን ይሠራል እዚያ?»

«እናቱ ሰጠችው።»

«ወንድም ለእህቱ ልጅ አባት ተብሎ ይጻፋል?»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ሃምሳ ዓመት ልጆች ሲዋሹ ያየ ሰው አስተያየት ነበር።

«አንድ ያልነገራችሁኝ ነገር አለ» አለች። «ምስክሮቹ ፕሬቶሬው ፊት የማሉትን አይቼ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት አልፈርምም።»

ሊሊያና ትራም ውስጥ አለቀሰች። «ክፉ ናት እንዳልል ክፉ አይደለችም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሰድባት ነበር።» ከዚያ ክንዴን ይዛ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር አጎቴ?»

መስኮቱን አየሁ። ወታደሮች የአንድ መኪና ኮፈን አስከፍተው ይፈትሻሉ።

ሐሙስ ፒኜቶ ሰፈር፣ ውባንቺ ክፍል ሄድኩ። ውባንቺ ከዘርፈሽዋል ጋር የአንድ አጥቢያ ልጅ ናት። ፓውሎን ያዋለደችው እሷ ናት። አንድ የዶክተር ቤት ትሠራለች፤ ሐሙስ እረፍቷ ነው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትሰፋለች።

«እሄዳለሁ፣ እምላለሁ» አለች ገና ሳልጨርስ። «በእጄ የተቀበልኩት ልጅ ነው። ሁለተኛው ማነው?»

«የጥንቱ ጎረቤታችን ተኽለብርሃን ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጁ አዲስ አበባ አለ። ስሜ እንዳይነሳ አለኝ።»

«አልፈርድበትም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሌላስ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ካልሲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እህ» አለች። «አንተ።»

«ምን እኔ?»

«አትጃጃልብኝ ገብረሃና። አንተ የዘርፈሽዋል ወንድም ከሆንክ እኔ የጣሊያን ንግሥት ነኝ። አባቷን አውቃቸዋለሁ፣ እናቷንም አውቃቸዋለሁ። ከእሷ በቀር ልጅ አልነበራቸውም።»

«ስታውቂ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ?»

«ለምን እናገራለሁ? እሷ ወንድሜ ካለች ወንድሟ ነህ። እኔ ምን ቸገረኝ?» ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ዝናቡ ወደ ውስጥ ይረጭ ነበር። «ወረቀትህን ይወስዱብሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ወደዚያ ከመለሱህ ደግሞ ከአውሮፕላን ጣቢያው ደጃፍ አታልፍም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«ሊሊያናስ? በእናቷ ወገን የቀራት ሰው አንተ ብቻ ነህ። ካንተ ሌላ ማን አላት?»

ይህን ነበር የፈራሁት። ከወታደሩም፣ ከቀበሌውም ይልቅ።

ውባንቺ አየችኝ። ሳቅ እንደማለት አለች፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ሽማግሌ ሆነህም ያን ዘንግ እንደተሸከምክ ነህ» አለችኝ። «በል አሳርፈው።»

አርብ ጠዋት ፕሬቱራ ተገኘን። ጠባብ ክፍል ነው። ፕሬቶሬው ጉንፋን የያዘው ወጣት ዳኛ ነበር፤ በየመሀሉ ይናፈጣል። ከጎኑ የጽሕፈት መኪና የምትመታ ጸሐፊ ተቀምጣለች። ሊሊያና ከኋላ፣ ሰርጆ ከአጠገቤ። ሰርጆ ያለ ሲጋራ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ቁልፎቹን ያሽከረክራል።

ውባንቺ ቀድማ ማለች። ጣሊያንኛዋ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ነው፣ ግን አልፈራችም። ፕሬቶሬው ልደቱን በምን ታውቂዋለሽ አላት። «በምን አውቃለሁ? በእጄ ነዋ!» አለች። «ጆሜትራውን ሲወስዱት የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። መኪናው ኋላ ስትሮጥ ይዤ የመለስኳት እኔ ነኝ።» ጸሐፊዋ መምታቷን ለአፍታ አቁማ አየቻት።

ፕሬቶሬው ተናፈጠና «ሁለተኛው ምስክር» አለ።

ሰርጆ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጋሼ፣ የታለ ሰውዬው? አገኘሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ተነሳሁ።

«ምን ያደርጋሉ? እርስዎ አይሆኑም አልኩዎት!» አለ በሹክሹክታ። ኮቴን ያዘኝ። እጁን አላቅቄ ሄጄ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

ፕሬቶሬው መታወቂያ ጠየቀኝ። ፔርሜሶዬን ከላስቲኩ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው፤ የልጁን የክርስትና ወረቀትም ከጎኑ አስቀምጦ አነበበ።

«እዚህ የእናቲቱ ወንድም ነዎት። እዚህ ደግሞ ልጁ በስምዎ ይጠራል። የትኛው ነዎት?»

«ሁለቱንም አይደለሁም።»

ከኋላዬ የሊሊያና ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ማብራሪያ ይስጡ።»

«ሴቲቱን ያወቅኋት ወታደሮቻችሁ ሊገድሉኝ ሲያባርሩኝ ነው። ወንድሜ ነው ብላ አዳነችኝ። በሥጋ አንዘመድም። የልጁም ስም የእኔ ስም ነው እንጂ ደሜ አይደለም። ሲወለድ የጣሊያን ልጅ እንዳይሉት የእኔን ተዋሰች።»

ፕሬቶሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያ ዘመን ሲሆን አልተወለደም ነበር። «ወታደሮቻችን» አለ፤ የተናገርኩትን መልሶ የሚሰማ ይመስል።

«ዘርፈሽዋል ቤት ከጆሜትራ ፍራንዚ በቀር ወንድ አልገባም» አልኩ። «ደጃፉ ላይ የምተኛው እኔ ነበርኩ። ልጁ የእሱ ነው። በዚህ እምላለሁ።»

«ቃልዎን ካስጻፍኩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ፔርሜሶ በሐሰት የተገኘ ይሆናል። ለኩዌስቱራ ማስታወቅ አለብኝ። ፖሊስ ነው ከዚያ በኋላ የሚወስነው። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ቃልዎን ማንሳት ይችላሉ። እስካሁን አልተጻፈም።»

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ዱላ አገጬ ሥር ተሰማኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ሴቲቱ ያኔ ማሰቢያ ጊዜ አልነበራትም። ለእኔ ሦስት ቀን ተሰጥቶኛል።

«ይጻፉት» አልኩ። «የዘርፈሽዋል ወንድም አይደለሁም።»

ጸሐፊዋ መምታት ጀመረች።

ኮሪደሩ ላይ ሊሊያና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስንት ዓመት ነው አጎቴ ብዬ የጠራሁዎት?»

«አፍሽን ከፈታሽ ጀምሮ።»

«ሠርጌ ላይ በእናቴ ወገን ቆመው መርቀውኛል። እናቴ ስትቀበር አፈር ያለበሷት እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ልንገራት አላሉም?»

«አላልኩም።»

«እዚህ ያስመጣሁት ሰው ማነው ታዲያ? ማንን ነው ያስመጣሁት?»

ሰርጆ ከክፍሉ የምስክሮቹን ቃል ይዞ ወጣ። «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ ኋላ ትጣላላችሁ» አለ እያለከለከ። «አሁን ጋብሪዬላ ዘንድ እሮጣለሁ፣ ውጭ ጉዳይ ቢሮው ሳይዘጋ።» ሲያልፍ ትከሻዬን ነካኝ። ‹ጋሼ› ሊለኝ አፉን ከፍቶ ተወው። ሊሊያና ተከተለችው። ዞር ብላ አላየችኝም። ውባንቺና እኔ ብቻችንን ቀረን።

«እርቦኛል» አለች ውባንቺ። «ና፣ ፓኒኖ ግዛልኝ።»

ጋብሪዬላ የዚያኑ ቀን ፈረመች። የፓውሎ ስም ገባ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ኩዌስቱራ ፔርሜሶዬን አስቀርቶ ውሳኔ እስኪመጣ የምይዘው ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። ከተማው አሁንም በወታደር ተሞልቶ ነበር። የታፈነውን የፖለቲካ ሰው ይፈልጋሉ። ትራም መሳፈር ትቼ ከቶር ፒኛታራ እስከ ገበያው በጓሮ መንገድ በእግሬ እሄድ ጀመር። የደንብ ልብስ ባየሁ ቁጥር የሱቅ መስኮት የማይ እመስላለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ አልጋዬ ሥር አኖርኩ። ከሊሊያና ምንም አልሰማሁም። እሑድ ተርሚኒ ፊት ለፊት ከሩቅ አየኋት፤ ከአዜብ ወሬ መጥቶ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ እግሬ አልሄድ አለኝ። ውባንቺ ናት ወሬ የምታመጣልኝ። አንድ ሐሙስ፣ ፓውሎ ከነበረበት ክፍል ሰዎች ተጠርተው ወጥተዋል፣ እሱ ይኑር አይኑር አልታወቀም አለችኝ። ከዚያ ሐሙስ እስከሚቀጥለው የበላሁትን አላስታውስም።

በግንቦት መጨረሻ ሰርጆ ገበያ ድረስ መጣ። ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ፣ ሆዱን እያስቀደመ። «ወጣ!» ይላል። «ወጣ! በአውሮፕላን ነው!» የቲማቲሙ ነጋዴ የእግር ኳስ ውጤት መስሎት ማን አገባ ብሎ ጠየቀው።

የኩዌስቱራው ውሳኔ ገና ሳይመጣ፣ እሑድ ጋብሪዬላ ቤት ምሳ ተጠራሁ። ካፖርት የማያስለብስ ሙቀት ነበር፤ ለክብሩ ብዬ ለበስኩ። ፓውሎ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ ሸብቷል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። እንደ እንጨት ቀጥኖ፣ ጋብሪዬላ የሰጠችውን ሾርባ ቀስ እያለ ይጠጣል። አየኝና ተነሳ፤ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። አጥንቱ እጄ ውስጥ ገባ። ሊሊያና ሁሉን ነግራዋለች።

«እዚያ ስሜን ሲጠሩ ገብረሃና እያሉ ነበር» አለኝ። «በየሌሊቱ አዳምጥ ነበር፤ ጳውሎስ ገብረሃና እንዳይሉ። አንድ ማታ መጡና ፓውሎ ፍራንዚ ብለው ጠሩ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም። የአባቴን ስም የነገርኩት፣ ጎኔ የተኛው ሰው ነው አንተ እኮ ነህ ብሎ የገፋኝ።»

እኔ በሩ አጠገብ እንደቆምኩ ነበር።

ሊሊያና ከወጥ ቤት ዳቦ ይዛ መጣች። ከፕሬቱራው ወዲህ አላናገረችኝም። ዳቦውን አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አስተካከለች፣ የተስተካከለውን እንደገና አስተካከለች።

«ካፖርትዎን ያውልቁ እንጂ አጎቴ» አለች፣ ሳታየኝ። «በዚህ ሙቀት።»

አውልቄ ሰጠኋት።

ጋብሪዬላ ያንን ሰፊ ወረቀት ከግድግዳው አውርዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዘረጋችው። ምላጭ ይዛለች። ቀለም የጠጣ ወፍራም ወረቀት የሚስተካከለው በመፋቅ ነው። ከዘርፈሽዋል አጠገብ ያለውን ስሜን ፋቀች። ከፓውሎ በላይ ያለውን መስመር ፋቀች። ከኦሬስቴና ከዘርፈሽዋል ሌላ መስመር አውርዳ ከሊሊያና ጎን ፓውሎን ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አንስታ ወደ እኔ አየች።

«እርስዎንስ የት ላድርግዎ ሲኞር ገብረሃና?»

«የትም» አልኩ። «እንዲህ ይሁን።»

ስሜ በነበረበት ቦታ ነጭ ሸካራ ጠባሳ ቀረ። የተፋቀው ብናኝ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተበትኖ ነበር። ፓውሎ ሾርባው ውስጥ እንዳይገባ በማይታጠፉት ጣቶቹ ጠርጎ መዳፉ ላይ ሰበሰበው፤ መስኮቱን ከፍቶም አራገፈው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና መብላቱን ቀጠለ።

የዘርፈሽዋል ልጅ ሲበላ ቆሜ አየሁት። ዕዳዬን ከፈልኩ።